ቴሌግራም ወይስ ሲግናል? መጀመሪያ ማን እንደሚከፍል እንይ

ሁለቱም የመልእክት መላላኪያ መተግበሪያዎች ናቸው፤ በነፃ ይጫናሉ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ወጪያቸውን ማን ይሸፍናል የሚለው ነው።

ገቢ። ቴሌግራም ኩባንያ ነው። ትልልቅ ቻናሎች ላይ ማስታወቂያ ያሳያል፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ፕሪሚየም የሚባል የሚከፈልበት አገልግሎት ይሸጣል። ሲግናል ለትርፍ ያልቆመ ነው። ፋውንዴሽኑ በ2018 ሲቋቋም ከዋትስአፕ መሥራቾች አንዱ ብራያን አክተን 50 ሚሊዮን ዶላር በብድር ሰጠው። ማስታወቂያ የለውም፤ በዋናነት በልገሳ ነው የሚኖረው።

ልዩነቱ ስልካችሁ ላይ ይታያል። ቴሌግራም ቆዩልኝ ይላል፦ ቻናል፣ ቦት፣ ስቶሪ፣ ስጦታ። በዚህ ማንም አይደርስበትም። ሲግናል መልእክቱን አድርሶ ዝም ይላል።

ምስጢር። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የቴሌግራም ተራ ቻት ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠር፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ኩባንያው እንኳ የማያነበው ቻት ከፈለጋችሁ "ሚስጥራዊ ቻት"ን ፈልጋችሁ መክፈት አለባችሁ፤ ለግሩፕ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ስንቱ ሰው ሴቲንግ ይነካካል? ሲግናል ሳትጠይቁት ሁሉንም ይመሰጥራል፤ ግሩፑንም ጭምር።

ምቾት። ስልክ ቢጠፋ ቴሌግራም ቁጥራችሁን ስታስገቡ ተራ ቻታችሁን ይመልሳል። ሲግናል ላይ ቀድማችሁ ባክአፕ ካልያዛችሁ የድሮው ቻት ሄደ ማለት ነው።

ለዜና፣ ለፒዲኤፍ፣ ለገበያና በሺዎች ለሚቆጠር ግሩፕ ቴሌግራም ይሻላል። የሕክምና ውጤት፣ የፓስፖርት ፎቶ ወይም የቤተሰብ ገመና ከሆነ ግን ሲግናል። ተቀባዩም እንዲጭነው አሳምኑት።