ቃለ መጠይቅ ለምታስገለብጡ ተመራቂዎች፣ አንዲት ልጅ ልጠቁማችሁ

ታናሽ ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። ዲግሪውን ይዞ ቤት ሲቀመጥ ስንቱን መሥሪያ ቤት አንኳኳ! አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ ተወዳድሮ የመቀጠር መብት አለው ይላል። እሱም መብቱን ያውቃል፣ ያመለክታል። ለፈተና ሲጠራ ግን ወረቀት ይሰጡታል እንጂ የሚያነብለት ሰው አይመድቡለትም።

ዛሬ የራሱ ገቢ አለው። ምስጋናዬ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት ላላት አንዲት ወጣት ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም።

የመጀመሪያ ቀን ማውሱን ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እጁን ይዛ ኪቦርዱ ላይ ኤፍ እና ጄ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች አስነካችው። "ጣትህ መንገድ ሲጠፋበት እዚህ ተመለስ" አለችው። ኤንቪዲኤ የሚባል ሶፍትዌርም ጫነችለት። ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነባል፣ አማርኛም ጭምር። በ2006 እ.ኤ.አ. ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ የጀመረው ነው፤ በነፃ ይገኛል። የአማርኛ ድምፁ ደረቅ ነው፣ እስኪለመድ ግራ ያጋባል። ወንድሜ አሁን ፍጥነቱን ጨምሮ ሲያዳምጠው እኔ አንድ ቃል አይገባኝም።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጅቷ አሠልጥና ሰርተፍኬት ሰጥታ አልሸኘችም፤ ሥራም ፈልጋ አመጣች። ማስተርስ የሚሠሩ ተማሪዎች በስልክ የቀዱትን ቃለ መጠይቅ እነ ወንድሜ ወደ ጽሑፍ ይገለብጣሉ። ክፍያው በቅጂው ርዝመት ይሰላል፣ በቴሌብር ይገባላቸዋል። ድምፁ ተረብሾ ያልሰሙት ቦታ ካለ ደቂቃውን ጽፈው ባዶ ይተዉታል እንጂ ገምተው አይሞሉም። ጥናት የሠራ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

ሠንጠረዥ የበዛበት ሥራ አትቀበልም፣ ራሷ በግልጽ ትነግራችኋለች። ግንቦትና ሰኔ ወረፋ ስለሚኖር ቀደም በሉ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። እናታችን ስምሽን ሳታነሳ አትተኛም።

ቤታችሁ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ካለም ውሰዱላት፣ ለአዲስ ሠልጣኞች ይሆናል። ኪቦርዱና ድምፁ ይሥራ እንጂ ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ችግር የለውም። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።