ቆጵሮስ ላይ «ሙሉ ኢንሹራንስ» ኬላው ጋ ሲደርስ ያልቃል

ላርናካ ወርዳችሁ መኪና ለመከራየት ያሰባችሁ፣ በተለይ እንደኔ «እግረ መንገዴን ሰሜኑንም (ከኬላው ወዲያ፣ በቱርኮች በኩል ያለውን የደሴቲቱን ክፍል) አይቼ ልመለስ» የምትሉ፣ ውሉን ሳትፈርሙ ይቺን አንብቡ።

ከባለቤቴ ጋር ከፍራንክፈርት ለአምስት ቀን ነው የሄድነው። አከራዩ ቢሮ (ስሙን ልተወው) ያገኘናት ልጅ በቀን 18 ዩሮ ጭማሪ «ሙሉ ኢንሹራንስ» ሸጠችልን። «ወደ ሰሜን መሻገር እንችላለን?» አልኳት። «ትችላላችሁ፣ ችግር የለም» አለች። አልዋሸችም፤ መሻገር ይቻላል። ኢንሹራንሱ አብሮን ይሻገር እንደሆነ ግን እኔም አልጠየቅኩ፣ እሷም አልነገረችኝ።

ኒኮሲያ፣ አይዮስ ዶሜቲዮስ የሚባለው የመኪና መሻገሪያ ላይ በቱርኮቹ በኩል ያለው ፖሊስ ፓስፖርታችንን አይቶ ወደ አንዲት ትንሽ መስኮት ጠቆመን። የደቡቡ ኢንሹራንስ እነሱ ዘንድ ስለማይሠራ አዲስ መግዛት ግዴታ ነው። 20 ዩሮ ከፍዬ ወረቀቷን ስይዝ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ የሶስተኛ ወገን ብቻ ናት! ሰው ብገጭ ለተገጨው ትከፍላለች፤ የያዝኩትን መኪና አታውቀውም።

ሰሜን ያለችው ኪሬኒያ ከተማ ወደቡ አጠገብ አቁመን ዓሣ በልተን ስንመለስ በመንገዱ በኩል ያለው የቀኝ ስፖኪዮ በሽቦው ተንጠልጥሏል። ገጪም የለ፣ ያየም የለ። ላርናካ ስንመልሰው ልጅቷ የለችም። የተተካው ሰውዬ ውሉን ገልብጦ ጉንዳን በሚያክል ፊደል የተጻፈች መስመር በጣቱ አሳየኝ፦ ዋስትናው የሚሠራው ሪፐብሊኩ በሚቆጣጠረው ክፍል፣ ማለትም ደቡቡ ላይ ብቻ ነው። ከመያዣዬ 340 ዩሮ ቆረጠ። ደቡብ ነው የተገጨው እንዳልል የኬላዋ ወረቀት መስታወቱ ሥር ተጋድማ ታየኛለች።

ደሴቲቱ እ.ኤ.አ. ከ1974 የቱርክ ወረራ ጀምሮ ለሁለት እንደተከፈለች ናት፤ ሰሜኑንም ከቱርክ በቀር እንደ አገር የሚያውቀው የለም። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከመኪና ኪራይ ጋር ማገናኘቱ ነው ያልመጣልኝ።

ለነገሩ መኪናው ራሱ አያስፈልግም ነበር። ኒኮሲያ መሀል በሌድራ መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው መሻገሪያ፣ ፓስፖርት አሳይቶ በእግር ማለፍ ነው፤ ክፍያ የለውም። ጥቂት እንደተራመዳችሁ እ.ኤ.አ. በ1572 የተሠራው ቡዩክ ሃን የሚባል የነጋዴዎች ማደሪያ አለ፣ ግቢው ውስጥ ቡና ይጠጣል። ኪሬኒያ ካማራችሁ ከዚያው ከሰሜን ኒኮሲያ ዶልሙሽ አለ፣ እንደኛ አገር ሚኒባስ ታክሲ በሉት። የግድ በመኪና ነው የምትሉ «መሻገር ይቻላል?» ብላችሁ እንዳታቆሙ። «መኪናው እዚያ ቢጎዳ ማን ይከፍላል?» በሉና መልሱን ውሉ ላይ አስጽፉ።

ስልካችሁንም ዳታውን ዝጉት፤ የአውሮፓ ኅብረት ነፃ ሮሚንግ እዚያ አይሠራም። ሲጋራ ደግሞ ከ40 ፍሬ በላይ ወደ ደቡብ ማስገባት አይፈቀድም። ባለቤቴ ለወንድሟ አንድ ስቴካ ገዝታ ነበር፤ ሁለት ፓኮ አስቀርተውላት ሌላውን ወሰዱት።