«የተሟላ» ተብሎ የሚሸጠውን የእባብ ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በቤታቸው እባብ ለሚያሳድጉ፣ በተለይም የመጀመሪያ እባባቸውን ለመቀበል በዝግጅት ላይ ላሉ ሰዎች ነው። ለጀማሪዎች «የተሟላ» ተብሎ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ ዕቃ ገዝቼ፣ በውስጡ የነበረው ማሞቂያ የእባቤን ሆድ አቃጥሎታል። ሻጩን በስም አልጠራም፤ ተመሳሳይ ዕቃ በልዩ ልዩ ስም በብዙ ሻጮች ዘንድ ስለሚገኝ የአንዱን ስም ማወቅ ከሌላው አያድናችሁም። ማወቅ የሚገባችሁ የዕቃውን ዓይነትና ጉድለቱን ነው።

በካርቶኑ ውስጥ የነበሩት የመስታወት ሳጥን፣ በኤሌክትሪክ የሚግል ሰው ሠራሽ ድንጋይ፣ ከሳጥኑ ሥር የሚለጠፍ የሙቀት ምንጣፍ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ባለመርፌ ክብ ቴርሞሜትር እና አንድ ከረጢት ሰጋቱራ ናቸው። ያልነበረው ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታት ማለት ማሞቂያው የተወሰነለት የሙቀት መጠን ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ወይም የሚቀንስ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ የሚለቅ መቆጣጠሪያ ነው። እኔ የገዛኋቸው ሁለቱም ማሞቂያዎች መቆጣጠሪያም ሆነ ማብሪያና ማጥፊያ የላቸውም፤ ከተሰኩ ይግላሉ፣ ከተነቀሉ ይበርዳሉ፣ በመሃል የሚያስቆማቸው ነገር የለም። ይህን ዕቃ «የተሟላ» ብሎ መሸጥ ፍሬን የሌለውን መኪና የተሟላ ነው ብሎ እንደ መሸጥ ነው።

ከመክፈሌ በፊት ስለ ቴርሞስታት ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ «እባብ ሞኝ አይደለም፤ ካቃጠለው ራሱ ይሸሻል» የሚል ነው። መልሱ ለጆሮ ስለሚጥም አምኜው ሄድኩ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ይህ አባባል ውሸት መሆኑን ያዙ።

እባብ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ ስለማያመነጭ ከአካባቢው መውሰድ አለበት። የሳጥኑ አየር ቀዝቃዛ ሆኖ ብቸኛው ሙቀት ከሆዱ ሥር ካለ አንድ ድንጋይ የሚመጣ ከሆነ፣ ጀርባው ገና ስላልሞቀ ከድንጋዩ አይነሳም፤ ይልቁንም ይበልጥ ተጠምጥሞ ይተኛበታል። በተፈጥሮ ሙቀት የሚመጣው ከላይ፣ ከፀሐይ ነው። ፀሐይ ያሞቀችው አለትም ሲመሽ ቀስ በቀስ እየበረደ ይሄዳል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እየጋለ አያድርም፤ ስለዚህ እባብ ከሆዱ ሥር እየጨመረ ከሚሄድ ግለት እንዲሸሽ የሚያስገድደው ነገር በኑሮው ውስጥ እምብዛም አልገጠመውም። ተሳቢ እንስሳትን የሚያክሙ ሐኪሞች በየጊዜው የሚያዩት ይህንኑ ነው፤ ሆዳቸው ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ከማሞቂያው ላይ ሳይነሡ የቆዩ እባቦች ይመጡላቸዋል። እንግዲህ «ራሱ ይሸሻል» የሚል ሻጭ ወይ ዕቃውን አያውቀውም፣ ወይ እያወቀ ይሸጣል። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

የእኔ እባብ ቦል ፓይተን የሚባለው፣ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው አጭር ዘንዶ ነው። ዕቃውን መጠቀም ከጀመርኩ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን የሆዱ ቅርፊት መቅላቱን አየሁ፤ ነገር ግን ቆዳውን ሊቀይር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም፤ ቦል ፓይተን ቆዳውን ሊቀይር ሲል ሆዱ በእርግጥም ሮዝ ስለሚሆን ብዙ አሳዳጊ ይሳሳታል። ልዩነቱን አሁን አውቄዋለሁ። ቆዳ ከመቀየር በፊት የሚመጣው መቅላት ከአንገት እስከ ጅራት ተመጣጣኝ ነው፤ ዓይኖቹም ሰማያዊ ጉም የለበሱ ይመስላሉ፤ ቆዳው ሲወልቅ ቀለሙ ይመለሳል። ቃጠሎ ግን ማሞቂያውን በነካው ቦታ ብቻ ተወስኖ ይታያል፤ ጠርዙ ይለያል፣ እየዋለ እያደረ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ቅርፊቶቹም ይደርቃሉ ወይም ሥራቸው ውሃ ይቋጥራል። በተጨማሪም ቃጠሎው ከደረሰ በኋላ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ እስኪገለጥ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል፣ ዛሬ ትንሽ የመሰለ ቅላት ነገ ከነገ ወዲያ ሰፍቶ ሊገኝ ይችላል። እኔ ወደ ሐኪም የሄድኩት ውሃ ከቋጠረ በኋላ ነው።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እባቡ ሳይሆን ስለ ማሞቂያው ነበር። ቤት ተመልሼ የድንጋዩን ገጽ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ስለካው አንዱ ጎን 34፣ ሌላው ጎን ደግሞ 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳየኝ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ጋት አይሞላም። እነዚህ ድንጋዮች በውስጣቸው ያለው ሽቦ እኩል ስላልተዘረጋ አንዳንድ ቦታቸው ከሌላው እጅግ ይግላል፤ ይህም የታወቀ ጉድለታቸው ነው። በዚያው ሰዓት ከካርቶኑ ጋር የመጣው ባለመርፌ ቴርሞሜትር 29 ላይ ቆሞ ነበር። ውሸት አልተናገረም፤ የተለጠፈበትን ግድግዳ አጠገብ ያለውን አየር ነው የለካው፣ እሱንም በግምት። እባቡ የሚተኛው ግን ግድግዳው ላይ አይደለም። የተለጠፈው ቴርሞሜትር ልባችንን ከማሳረፍ ያለፈ ጥቅም የለውም፤ የሚያስፈልገው ሴንሰሩ፣ ማለትም ሙቀቱን የሚለካው ጫፉ፣ በሽቦ ወጥቶ እባቡ በሚተኛበት ቦታ የሚቀመጥ ዲጂታል ቴርሞሜትር ወይም የገጽን ሙቀት ከርቀት የሚለካው ኢንፍራሬድ ነው። (ለሰው ግንባር የተሠራው ኢንፍራሬድ ለዚህ አይሆንም፤ የሚለካው የሰው ሰውነት የሚደርስበትን ጠባብ መጠን ብቻ ነው።)

52 ዲግሪ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት የሰውን ቆዳ ልጥቀስ። በ1947 ሞሪትዝ እና ሄንሪክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ፣ 44 ዲግሪ የሞቀ ነገር ቆዳን ለመጉዳት ወደ 6 ሰዓት ያህል ንክኪ እንደሚፈልግ፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የሚፈለገው ጊዜ በፍጥነት እንደሚያጥር አሳይተዋል። የእባብ ቆዳ የሰው ቆዳ አይደለም፤ ሆኖም ቃጠሎ የሙቀትና የጊዜ ድምር መሆኑ ለሁለቱም ይሠራል። እጃችንን ድንጋዩ ላይ አሳርፈን «ሞቅ ያለ ነው፣ አያቃጥልም» የምንለው ለጥቂት ሰከንድ ስለነካነው ነው። እባቡ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛበታል። ለንጽጽር ያህል፣ ለቦል ፓይተን በሞቃቱ በኩል ያለው ገጽ ከ31 እስከ 33፣ በቀዝቃዛው በኩል ደግሞ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን በቂ ነው፤ ኮርን ስኔክ የሚባለው ሌላው የቤት እባብ ሞቃት ቦታው 30 ገደማ ቢሆን ይስማማዋል።

ድንጋዩን ጥዬ ምንጣፉን ብቻ ልጠቀም የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ምንጣፉ ከድንጋዩ ይሻላል፣ ነገር ግን ያለ ቴርሞስታት እሱም አደገኛ ነው። በላዩ ወፍራም ጉዝጓዝ ሲደረግበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ከሥር ይጠራቀማል፤ እባቡ ከላይ ሲበርደው ጉዝጓዙን እየቆፈረ ይወርድና በጣም የጋለውን መስታወት በሆዱ ያገኘዋል። ከላይ የሚለካ ቴርሞሜትር ይህን ፈጽሞ አያሳይም። ስለዚህ ምንጣፍ ባለበት በኩል ጉዝጓዙ ስስ ይሁን፤ መለካትም ያለበት ጉዝጓዙ ተገልጦ መስታወቱ ራሱ ነው።

ቴርሞስታት ስትገዙም ዓይነቱን ለዩ። ለምንጣፍ የሚያበራና የሚያጠፋው ቀላሉ ዓይነት ይበቃል። ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ኃይሉን እየቆራረጠ የሚለቀውን ዓይነት ይፈልጋል፤ አምፖል ደግሞ ኃይሉን ቀስ አድርጎ የሚያደበዝዘውን ነው፤ ያለዚያ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም እያለ ይቃጠላል። ከዓይነቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሴንሰሩ አቀማመጥ ነው። ሴንሰሩ ምንጣፉ ካለበት ቦታ ላይ ተጣብቆ መቀመጥ አለበት። እባብ ጉልበተኛ ነው፤ ሲያልፍ ሽቦውን ገፍቶ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ሊወስደው ይችላል። ያን ጊዜ ቴርሞስታቱ «በርዷል» ብሎ ስለሚያምን ማሞቂያውን ያለማቋረጥ በሙሉ ኃይሉ ያስነሣዋል፤ ውጤቱም ቴርሞስታት ከሌለው አይለይም። ለዚህ ነው ከቴርሞስታቱ ሌላ፣ ለብቻው የሚሠራ አንድ ቴርሞሜትር እንዲኖር የምለው። ሽቦውን ለማሰር ብላችሁ ግን በሳጥኑ ውስጥ ፕላስተር እንዳትጠቀሙ። እባብ ከተጣበቀበት ሲላቀቅ ቅርፊቱ አብሮ ይነሣል።

ከላይ የሚንጠለጠል አምፖልና ሴራሚክ በአግባቡ ከተሠራ ለተፈጥሮው የቀረበ ሙቀት ይሰጣል። በሽቦ ወንፊት ያልተሸፈነ ከሆነ ግን እባቡ ወጥቶ ይጠመጠምበታል፤ የሴራሚክ ማሞቂያ ገጽ ደግሞ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። መሸፈኛው አብሮ ካልተሸጠ ማሞቂያውን አትግዙት።

ስለ ሰጋቱራውም ጥቂት ልበል፤ የቆዳ ችግር ሁሉ ከሙቀት አይመጣምና። በከረጢቱ ላይ ከምን እንጨት እንደ ተሠራ አልተጻፈም። የሴዳር ዝግባ ሰጋቱራ የሚለቀው ሽታ ያለው ዘይት እባብን ስለሚጎዳ፣ የእንጨቱ ዓይነት ያልተገለጸ ጉዝጓዝ መጠቀም ተገቢ አይደለም። ሁልጊዜ እርጥብና ቆሻሻ ሆኖ የሚቆይ ጉዝጓዝ ደግሞ የሆድ ቅርፊትን ያበሰብሳል፤ ቅርፊቱ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከሥሩ ፈሳሽ ይወጣል፤ በዓይን ሲታይ ከቃጠሎ ለመለየት እንኳ ያስቸግራል። በተቃራኒው ማሞቂያው አየሩን ከልክ በላይ ሲያደርቀው ቆዳው ሲቀየር በአንድነት መውለቁ ይቀርና ተቆራርጦ ይቀራል፣ ዓይን ላይ ያለው ሽፋንም ሳይወልቅ ሊቀር ይችላል። የቀረውን በእጅ መላጥ ጉዳት ያስከትላል፤ እርጥበቱን ከፍ አድርጎ መጠበቅ፣ ዓይን ላይ ከቀረ ደግሞ ለሐኪም ማሳየት ይሻላል።

እባባችሁ ተቃጥሎ ካገኛችሁት ማሞቂያውን ንቀሉ፤ ክፍሉ ግን እንዳይበርድበት ጠብቁ። የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ማራስ ይቻላል፤ በረዶ ግን አይንካው። ቅቤ፣ ዘይት ወይም ከቤት የተገኘ ማንኛውንም የሰው ቅባት አትቀቡት፤ በተለይም ማደንዘዣ ያለባቸው ቅባቶች ለተሳቢ እንስሳት አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ጉዝጓዙን ሁሉ አውጥታችሁ በነጭ ሶፍት ወይም በወረቀት ፎጣ ተኩት፤ ንጽሕናው ይጠበቃል፣ ፈሳሽ ከወጣም ወዲያው ይታያል። ከዚያ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ለእኔ እባብ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን ያለው ቅባት ታዝዞለታል፤ ቃጠሎው ጥልቅ ሲሆን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና ፈሳሽም ያስፈልጋል። ማገገሙ ዘገምተኛ ነው። አሁን ከቃጠሎው ወዲህ ቆዳውን ለሦስተኛ ጊዜ ቀይሯል፤ በየጊዜው ጥቂት እየተሻሻለ ቢሄድም፣ በሆዱ መካከል ያሉት ቅርፊቶች እንደ ቀድሞው ተስተካክለው እንደማይወጡ ሐኪሟ ነግራኛለች።

ልትገዙ ስትሄዱ «ቴርሞስታት አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አያስፈልገውም» ከተባላችሁ ውጡ። «በውስጡ ተሠርቶለታል» ከተባላችሁ ደግሞ የሚቆምበት ዲግሪ የተጻፈበትን መመሪያ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁና እባቡ ከመግባቱ በፊት ለአንድ ሙሉ ቀን አስነሥታችሁ ገጹን በየቦታው ለኩት። ዕቃው አስቀድሞ በእጃችሁ ካለ ድንጋዩን ዛሬውኑ ንቀሉት፤ ካርቶኑንና ደረሰኙን አትጣሉ፣ ልኬታችሁንም ከቴርሞሜትሩ ጋር ፎቶ አንሡት። እኔ ካርቶኑን ስለጣልኩት ዕቃው ከእነርሱ ዘንድ መገዛቱን እስካረጋግጥ ድረስ ብዙ ተመላልሻለሁ።

በመጨረሻ ሻጩ የሰጠኝ መፍትሔ ምትክ ነው፤ የላኩልኝም ያንኑ ዓይነት ድንጋይ ነበር። ለክቼው 49 ደረሰ። ምትክ ሳይሆን ገንዘቤን እንደምፈልግ ጽፌ መለስኩት፣ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ካርቶኑ ግን ዛሬም ይሸጣል፤ ፊቱ ላይ ያለው ሥዕልም አልተለወጠም፦ ድንጋዩ ላይ ተጠምጥሞ የተኛ እባብ።