«ሁሉም ተካቷል» ብለው ጎባ ላይ አስቀሩን

ከባሌ ተራሮች ጉብኝት ተመልሰን ሻንጣውን እንኳ ገና አልፈታንም። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የወሰደን የጉዞ አዘጋጅ ያው ማስታወቂያ ዛሬም ቴሌግራም ላይ እየዞረ ነው፤ ቀብድ የሚከፍል ሌላ ቤተሰብም አይጠፋም።

አዘጋጆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሎጎ ያለበት ቲሸርት፣ ጅብራ አጠገብ የተነሱት ፎቶ፣ «ቦታ ሊሞላ ነው፣ ፍጠኑ» የሚል መልእክት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ማስታወቂያቸውም የሚጀምረው በዚሁ ነው። ግማሹን በቴሌብር፣ ቀሪውን ከጉዞው በፊት፣ ስክሪንሾት ላኩ። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ድምፃቸው ይቀየራል። የእኛው የቤተሰብ ፓኬጅ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሳይከፈት አያትና የልጅ ልጆች አንድ ላይ የሚሆኑበት ሳምንት። ዲንሾ፣ የዌብ ሸለቆ፣ የሰኔቲ ከፍተኛ ሜዳ፣ ሪራ። ላንድክሩዘር፣ የፓርክ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ምግብ። «ሁሉም ተካቷል» ያሉት በጽሑፍ አለኝ።

ባሌን የመረጥነው ለአባዬ ብለን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። «ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር» እያለ ስንቱን ተማሪ አስጽፏል፤ በዓይኑ አይቶት ግን አያውቅም። አሁን ጉልበቱ ተራራ አያስወጣውም። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ሰኔቲ ላይ ያለ፣ መኪና ጫፉ ድረስ የሚወጣበት ተራራ ነው። ይህን ሁሉ ሳልከፍል ለአዘጋጁ ነግሬዋለሁ። «ምንም ሐሳብ አይግባሽ፣ አባባን እኛ እናደርሳቸዋለን» ነበር መልሱ።

የጉዞው ዕለት የመጣው ሚኒባስ ነው። «ላንድክሩዘሩ ጋራዥ ገብቶ ነው፤ ጎባ ላይ ይጠብቃችኋል» አሉን። ዲንሾ ስንደርስ የፓርኩ መግቢያም የአስጎብኚውም አልተከፈለም። አብሮን የተላከው አስተባባሪ «እናንተ ክፈሉ፣ በኋላ ይወራረዳል» አለ። እስከ ዛሬ አልተወራረደም። የዌብ ሸለቆን «ዝናብ ነው» ብሎ ዘለለው። ዲንሾ ላይ የተጓዝነው የእግር ጉዞ ግን ደስ ይል ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ልጆቼ የደጋ አጋዘን ከኮሶ ዛፎቹ ሥር ሲግጥ ከቅርብ አዩ። ለዚህ የማመሰግነው የአካባቢውን አስጎብኚ ነው። ሰኔቲ ከሰዓት በኋላ ጉም ስለሚውጠው ጠዋት በጊዜ እንድንወጣ የመከረንም እሱ ነው።

ጠዋት ጎባ፣ ሆቴሉ በር ላይ ቆመናል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አባዬ ካፖርቱን ለብሶ፣ ሻርፑን ጠምጥሞ፣ ጋቢና ገብቶ ተቀምጧል። ላንድክሩዘር የሚባል ነገር የለም። አስተባባሪው ሚኒባሱን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል።

«መኪናውስ?» አልኩት።

«አልመጣም» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«እሺ በዚሁ እንውጣ።»

ይሄኔ ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ። ያፈረው እሱ ነው። «እህቴ፣ እኔን የተኮናተሩኝ እስከ ጎባ ነው። ስለ ሰኔቲ የነገረኝ የለም። ሌላ መኪና እንዳለም አልሰማሁም።»

ከጅምሩ ማለት ነው። ጋራዥ የገባ መኪና አልነበረም። አባቴን ያን ሁሉ መንገድ ሲያስጉዙት ተራራው ላይ እንደማያወጡት ያውቁ ነበር።

አስተባባሪው አልደነገጠም። «አታካብጂው። ዲንሾም ባሌ ተራራ ነው» አለኝ። ሰኔቲ የሚለውን ማስታወቂያ ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። ኢርፎኑን እንኳ ከጆሮው አላወጣም። «ካልቀረማ ኪራዩን ጨምሩና እዚሁ መኪና ላፈላልግ።» የጠራው ብር ለጠቅላላው ጉዞ ከከፈልነው ግማሹን ይጠጋል።

አባዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ጫፉ ይቅር፤ ሜዳው ላይ ብቻ አድርሰን» አለው። ተማሪዎቹን በሚያናግርበት ድምፅ፣ በትህትና። አስተባባሪው ወደ እሱ አልዞረም። መልሱን የሰጠው ለእኔ ነው። «ሽማግሌው እዚያ ብርድ ላይ ወጥቶ ምን ሊሆን ነው? ባይወጣ ይሻለዋል።»

አባቴ እየሰማ። ልጆቼም እየሰሙ።

ባለቤቴ መኪና ፍለጋ ከተማውን ዞረ። አንድ ሲያገኝ ረፍዶ ነበር፤ ጉሙ ወርዷል። አባዬ «ግዴለም፣ ልጆቹ እንዳይርባቸው» ብሎ ከጋቢና ወረደ። ልጆቹ ሲያልሙት የከረሙት ቀይ ቀበሮም በዚያው ቀረ። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ተራሮች ላይ ነው። እኛ እግራቸው ሥር ደርሰን ተመለስን። ሪራም ከሰኔቲ ማዶ ስለሆነ አብሮ ተሰረዘ።

አዲስ አበባ ገብቼ ገንዘቤን ስጠይቅ «ፖሊሲያችን ተመላሽ አይፈቅድም» አሉኝ። ደግሜ ስጽፍ ከግሩፑ አስወጡኝ፣ ብሎክም አደረጉኝ። ይህም አልበቃቸውም። አባዬ ዲንሾ ላይ ከልጆቼ ጋር የተነሳውን ፎቶ ቻናላቸው ላይ ለጥፈውታል። ከሥሩ «ደስተኛ ቤተሰቦች ከእኛ ጋር» ይላል። ያየችውና የላከችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ማንም አላስፈቀደንም። የሰደቡትን ሰው መልሰው ማስታወቂያ ሠሩበት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ቻቱንም ደረሰኙንም ይዤ አቤቱታዬን እያዘጋጀሁ ነው። ፎቶውንም እንዲያወርዱ አስደርጋለሁ።

ለምትሄዱ፦ የፓርኩን መግቢያ ራሳችሁ ዲንሾ ላይ ክፈሉ፤ አስጎብኚም እዚያው ታገኛላችሁ። ቀሪውን ብር ከመላካችሁ በፊት የመኪናውን ታርጋና የሾፌሩን ስልክ ተቀበሉ። ከዚያ ሾፌሩ ጋ ራሳችሁ ደውሉና የተኮናተረው እስከ የት እንደሆነ ጠይቁት።