የነዳጅ ፓምፑ ሲጮህ፦ ፊልትሮ ይቀየር ወይስ ፓምፑ?

መጀመሪያ ጆሮ ይስጡት። በብዙ መኪኖች ቁልፉን ሲከፍቱ ለ2 ሰከንድ ያህል እዝዝ ብሎ ዝም ካለ ጤነኛ ነው። እየነዱ ከኋላ ወንበር ስር ሲያፏጭ ነው ነገር ያለው።

ወጪ፦ ነዳጁን የሚያጣራው ፊልትሮ ርካሽ ነው፤ ፓምፕ ኪስ ያራቁታል።

ሥራው፦ ከመኪናው ስር ያለ ፊልትሮ ቶሎ ይፈታል። ለፓምፑ ግን አንዳንዴ ታንኩን ማውረድ ግድ ይላል። በሁለቱም ቤንዚን ይፈሳል፤ ሲጋራ የሚባል ነገር አይታሰብም!

ስጋት፦ ፊልትሮ ተቀይሮም ድምፁ ላይጠፋ ይችላል። የተደፈነውን ፊልትሮ ትተው ፓምፑን ብቻ ከቀየሩ ደግሞ አዲሱም ዕድሜው ያጥራል። ይሄኛው ይብሳል።

ታንኩ ሲጎድል ብቻ የሚጮህ ከሆነ ሞልተው ይዩት፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ነዳጁ ነው። ፊልትሮው ከቆየ ከእሱ ይጀምሩ። ፊልትሮው አዲስ ሆኖ የነዳጁ ግፊት በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ሲለካ ካነሰ ግን ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ ያጋድላል።