ትእዛዝ የሚዘገይባቸው የጦርነት ጌሞች፦ የቱን ልግዛ ለምትሉ

ደብረ ማርቆስ ካሉ ጓደኞቼ ጋር ስለ ጌም ካነሣን አንድ ጥያቄ አይቀርም። «የታሪክ ጦርነት ጌም ልግዛ ነበር፤ ግን እንደ እውነተኛ አዛዥ የሚያሠራ የቱ ነው?» አንድ በአንድ ከምመልስ ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። አብዛኛው የጦርነት ጌም አዛዥ አያደርጋችሁም። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣውን ናፖሊዮን ቶታል ዋርን ውሰዱ። ቆንጆ ጌም ነው፣ ስንት ሌሊት አንግቼበታለሁ። ግን ፈረሰኛውን መርጣችሁ ጠላት ላይ ጠቅ ስታደርጉ እዚያው በዚያው ይነሣል። መልእክተኛ የለም፤ መሐል ላይ ትእዛዙን ተቀብሎ በራሱ መንገድ የሚፈጽም አለቃም የለም። ሁሉም ወታደር የእናንተ ጣት ነው።

ትእዛዝ ከአለቃ ወደ አለቃ የሚወርድበት የእዝ ሰንሰለት ደግሞ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፤ ማዕረጉ ራሱ የሰውየውን ቦታ ይናገራል። በ1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ሽሬ ሲዘምቱ ራስ ካሣና ራስ ሥዩም ተምቤን ላይ ነበሩ። መሐል ላይ ተራራና ገደል አለ። እግረኛ መልእክተኛ ያንን ሁሉ አቋርጦ ወረቀቱን እስኪያደርስ ድረስ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነገር ያረጃል። እኔ ጌም ስመርጥ የምፈልገው ይህንን ነው፦ ባዘዝኩበትና በተፈጸመበት መሐል ያለውን ጊዜ።

ይህን በዓይን የሚያሳየው ስከርጅ ኦፍ ዋር ዋተርሉ ነው፣ ናፖሊዮን በመጨረሻ በተሸነፈበት ውጊያ ላይ የተሠራ የ2015 እ.ኤ.አ. ጌም። ማዕረጋችሁን ትመርጣላችሁ፤ የብርጌድ አዛዥ፣ የክፍለ ጦር፣ የኮር፣ ወይ የመላው ሠራዊት። ከበላያችሁ ያለው አዛዥ ኮምፒውተሩ ነው፣ እሱም ትእዛዝ ይልክባችኋል። ካሜራውን ከራሳችሁ ፈረስ ጋር የሚያስር ምርጫ አለው። እባካችሁ ይህን አብሩት። ከዚያ በኋላ ከኮረብታው ወዲያ ያለውን አታዩም፤ የምታውቁት መልእክተኛ ያመጣላችሁን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ክፍለ ጦር ይዤ፣ በግራ በኩል ያለውን ብርጌድ ከመንደሩ እንዲወጣ አዘዝኩ። ፈረሰኛው ወረቀቱን ይዞ በአጃው ማሳ መሐል ሲጋልብ፣ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጭሱ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ከዚያ ዝም። መድፍ ይሰማል፣ ምን እንደሆነ አላውቅም። ብርጌዱ ሲወጣ ግማሹ አልነበረም፤ ትእዛዙ ደርሷል፣ ግን ቀኑ አልፏል። ተናድጄ ሳይሆን ገርሞኝ ነው ላፕቶፑን የዘጋሁት።

ታሪኩም ራሱ እንዲህ ያለ ነው። ሰኔ 16 ቀን 1815 እ.ኤ.አ. የናፖሊዮን ጄኔራል የዴርሎን ኮር፣ ሃያ ሺህ ያህል ሰው፣ ሁለት የሚቃረን ትእዛዝ ደርሶት በሊኚና በካትር ብራ መካከል ሲመላለስ ዋለ። ሁለቱም ጋ ጦርነት ነበር፣ እሱ ግን አንዱም ጋ በወጉ ሳይዋጋ መሸ። የሊኚና የካትር ብራ ውጊያዎች ለጌሙ በተጨማሪነት ለብቻ የሚሸጡ ናቸው፤ ዋናውን ከወደዳችሁ ጨምሩ፣ መጀመሪያ ላይ ግን አያስፈልጓችሁም። ጉድለቱስ? መልኩ አርጅቷል፣ ገጹ ላይ ያሉት ቁልፎች የተዝረከረኩ ናቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያታክታሉ። ሺዎች ወታደሮች አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ደካማ ላፕቶፕም ይንገዳገዳል።

ኮማንድ ኦፕስ 2 በመልክ ተቃራኒው ነው። ካርታ፣ በካርታው ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ በቃ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ የቤልጂየሙ ባስቶኝም የሆላንዱ አርነምም ውጊያ አለ። መስኮቱን ከፍቶ ያየ ሰው «ይሄ ምን ጌም ነው?» ሊል ይችላል፣ የአክስቴ ልጅም ያለው ይህንኑ ነው። በእኔ እምነት ግን የእዝ ሰንሰለትን ከዚህ በላይ ያሠራ የለም።

ጥቂት ሻለቆችን ለያዘው ሬጅመንት «ይህንን ድልድይ አጥቃ» ትሉታላችሁ። ከዚያ የሬጅመንቱ መምሪያ ራሱ ሥራውን ይከፋፍላል፦ የትኛው ሻለቃ ከፊት፣ የትኛው በተጠባባቂነት ከኋላ፣ ከማጥቃቱ በፊት የት ይሰባሰባሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ትእዛዙ ከላይ ወደ ታች በእያንዳንዱ መምሪያ ሲያልፍ ሰዓት ይቆጠራል፤ ደክሞት ካደረ መምሪያና ንቁ ከሆነው የሚመጣው መልስ አንድ አይደለም። ትዕግሥት አጥታችሁ እያንዳንዱን ሻምበል በራሳችሁ እጅ ለማዘዝ ከሞከራችሁ ደግሞ መምሪያው ላይ ጫና ይበዛና ሁሉም ይዘገያል። የአክስቴ ልጅ ያደረገው ይህንን ነው። ማውዙን እየደበደበ አሥራ አንድ ክፍል ለየብቻ አዘዘ፣ ጎህ ሊቀድ ሲል ድልድዩ ጋ የደረሰው አንዱ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ሬጅመንቱን ብቻ አዝዞ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ድልድዩን ያዘ።

ሌላው ጥሩ ነገር ዋጋው ነው። መነሻው በነፃ ነው፣ ጥቂት ውጊያዎችም አብረውት አሉ፤ የምትከፍሉት ተጨማሪ የውጊያ ጥቅል ከፈለጋችሁ ነው። ግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም፣ የቢሮ ላፕቶፕ ይበቃዋል። እኔ ጋ መብራት ሲሄድ በባትሪ ብዙ የቆየልኝም ይኸው ነው፣ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። መመሪያው ግን ረጅም እንግሊዝኛ ነው፣ እሱን ሳታነቡ አትግቡ።

ጦሩን በሬዲዮ ብቻ ስለምታዙባቸው ሁለት ጌሞች አጠር ላድርግ። ሬዲዮ ኮማንደር በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ቬትናም ላይ። ሬዲዮ ጄኔራል በ2020 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ። በሁለቱም ድንኳን ውስጥ ካርታ ፊት ናችሁ፤ ጦራችሁ የት እንዳለ ካልጠየቃችሁ አታውቁም፣ ምልክቱን ካርታው ላይ የምታንቀሳቅሱት ራሳችሁ ናችሁ። ሬዲዮ ጄኔራል ላይ በማይክ በድምፅ ማዘዝ ይቻላል፣ በእንግሊዝኛ። የኔን አነጋገር ብዙ ጊዜ ስቶብኛል፤ በጠቅታም ስለሚሠራ ግን ችግር አልሆነብኝም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፣ ሬዲዮው ዝም ሲል ሆድ ይባባል። ሰንሰለቱ ግን አጭር ነው፤ እናንተና ክፍሎቹ፣ መሐል ላይ የሚያስብ አለቃ የለም። እንደ መጀመሪያ ጌም ግን ለማንም እሰጣለሁ።

አገር ሙሉ ይዛችሁ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የምትጫወቱበትን ሃርትስ ኦፍ አይረን 4ን የሚያነሣ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ኢትዮጵያን ይዞ መጫወት ይቻላል፣ ጥር 1936 እ.ኤ.አ. ላይ ከጣሊያን ጋር ጦርነት ውስጥ ሆና ነው የምትጀምረው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ለብቻ የሚሸጥ ተጨማሪ ደግሞ ለኢትዮጵያ የራሷን መንገድ ሰጥቷታል። ለአንድ ጎጃሜ ይህ ልብ ይነካል፣ እኔም ሽሬን ላለመልቀቅ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንድ ጄኔራል 24 ዲቪዥን ይይዛል፣ በላዩ ፊልድ ማርሻል አለ፣ ግንባሩን በመስመር ሥላችሁ ዕቅዱን ለእነሱ ትተዋላችሁ። ነገር ግን ትእዛዝ አይዘገይም፣ ከአዲስ አበባ ሽሬ በቅጽበት ነው። ፖለቲካና ፋብሪካ ለሚወድ ግዙት፤ ለእዝ ሰንሰለት ብላችሁ ከሆነ አይሆንም። ተጨማሪዎቹም ሲደማመሩ ኪስ ይጎዳሉ።

ስለዚህ አንድ ብቻ ምረጥልን ብትሉኝ፣ ኮማንድ ኦፕስ 2ን አውርዱና ነፃዎቹን ውጊያዎች ለአንድ ወር ተጫወቱ። ከዚያ ገንዘባችሁን ለዋተርሉ አድርጉ፣ ላፕቶፑ ከቻለ። ውጭ ካለ ዘመድ በስቲም፣ ማለት በኢንተርኔቱ የጌም መደብር፣ ስጦታ የምታስልኩ ከሆነ፣ በአገሮቹ መካከል የዋጋ ልዩነት ሲሰፋ ስጦታው ሊከለከል ስለሚችል ዘመዳችሁ ከመክፈሉ በፊት ያጣራ። ኮማንድ ኦፕስ ላይ ደግሞ ስትጀምሩ የትእዛዝ መዘግየቱን አታጥፉት። ትንሹን ውጊያ ምረጡ፣ አንድ ትእዛዝ ለአንድ መምሪያ ስጡ፣ ሰዓቱን አፍጥኑና ቡና እስኪፈላ ማንንም አትንኩ።