ባለ 200 አምፔር ኢንቨርተር ማሽን በቁም ብየዳ ሲመዘን

ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ብረት በመበየድ ብቻ የብየዳ ማሽን ጥሩነት አይለይም፤ የቀለጠው ብረት ባለበት ስለሚረጋ ደካማ ማሽንም ያንን ሥራ ይወጣዋል። ብረቱ ቆሞ ሲበየድ ግን ቅላጩ ወደ ታች ሊፈስ ስለሚሞክር፣ አምፔሩ በትንሹ እንኳ ከተዋዠቀ ጉድለቱ ወዲያው መስመሩ ላይ ይታያል። በደብረ ብርሃን ገበያ የሚገኘውንና ፊቱ ላይ 200 አምፔር የሚል የተጻፈበትን አነስተኛ ኢንቨርተር (ኃይሉን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር) የብየዳ ማሽን የምመዝነው በዚሁ ሥራ፣ ማለትም በውኃ ታንከር ማቆሚያና በግቢ በር ምሰሶ ብየዳ ነው።

ማሽኑ በአንድ እጅ የሚነሳ በመሆኑ መሰላል ላይ ወጥቶ ለሚሠራ ሰው ከከባዱ ትራንስፎርመር ማሽን እጅግ የተሻለ ነው። ዋናው ብርታቱ ግን የተሞላለትን አምፔር ሳያዛንፍ መያዙ ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ አንግል ብረት 6013 በተባለ የ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (ቀልጦ መገጣጠሚያውን በሚሞላ የብየዳ ዘንግ) ከታች ወደ ላይ ሲበየድ፣ ለተጋደመ ብረት ከሚያዘው አምፔር ከ10 እስከ 15 በመቶ መቀነስ ያስፈልጋል፤ በ120 ይሠራ የነበረ በያጅ ወደ 105 ያወርደዋል ማለት ነው። የኤሌክትሮዱ ጫፍ በጥቂቱ ወደ ላይ እንዲያይ ተደርጎ፣ አርኩ (በኤሌክትሮዱና በብረቱ መሀል የሚነደው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) አጥሮ፣ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ለአፍታ እየቆሙ መሀሉን ፈጠን ብሎ ማለፍ ይገባል። ጠርዙ ላይ ያልቆመ በያጅ ብረቱን በልቶ ቦይ ይተውበታል፤ መሀል ላይ የዘገየ ደግሞ የመስመሩን ሆድ ያሳብጠዋል። ዓይን መከተል ያለበት ብልጭታውን ሳይሆን ከሥሩ የሚረጋውን ቅላጭ ነው፤ የረጋው እርከን እንደ ደረጃ ሆኖ ቀጣዩን ይሸከመዋልና። ይህ ማሽን በ105 አምፔር እርከኖቹን እኩል አድርጎ ያስቀምጣል። አርክ ፎርስ የሚለው ማስተካከያ ግን ለ6013 ዝቅ ብሎ ቢያዝ ይሻላል፤ ከፍ ሲል አርኩ ባጠረ ቁጥር አምፔሩ ስለሚጨምር ቅላጩ ይንጠባጠባል።

200 የሚለውን ቁጥር በተመለከተ ገዢው ሊጠነቀቅ ይገባል። የብየዳ ማሽን አቅም በዓለም አቀፍ መለኪያ የሚሰላው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። 60 በመቶ የሚል የተጻፈበት ማሽን ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን ሠርቶ 4ቱን ማረፍ አለበት፤ እዚህ ከፍታ ላይ በሙሉ አቅሙ ለሚያሠራው ሰው ዕረፍቱን መጨመር ይበጃል። በ4 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ሲሠራ የሙቀት መብራቱ ቶሎ ቶሎ የሚበራው ለዚህ ይመስለኛል። የቁም ብየዳ አነስተኛ አምፔር ስለሚፈልግ በዚያ ሥራ ላይ አያስቸግርም።

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የማሳ መቆንጠጫ (የመመለሻውን ገመድ ከሚበየደው ብረት ጋር የሚያይዘው) ደካማ ነው። ቀለም ወይም ዝገት ላይ ሲያዝ አርኩ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ጠንካራ መቆንጠጫ ገዝቶ መቀየር ግድ ነው። ስስ ኤክስቴንሽንም ቮልቴጁን ስለሚያወርድ ኤሌክትሮዱ እንዲጣበቅ ያደርጋል።

ለቱቦላሬና ለስስ ላሜራ በ2.5 ኤሌክትሮድ ከላይ ወደ ታች ፈጥኖ መበየድ ይቻላል፤ ብረቱም አይበሳም። ይሁን እንጂ ስላጉ (ብየዳውን የሚሸፍነው የኤሌክትሮድ ቅርፊት ቅላጭ) ከአርኩ ቀድሞ ስለሚፈስና ብየዳው ጠልቆ ስለማይገባ ክብደት ለሚሸከም ምሰሶ አልመክረውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ምሰሶ 7018 የተባለው ኤሌክትሮድ ይመረጣል፤ እርሱም ከታች ወደ ላይ ብቻ ይበየዳል። ማሽኑ 7018ን በደንብ ያቃጥላል፤ ችግሩ እርጥበት ነው። ጉም በማይለየው ጣርማ በርና በደብረ ሲና ዙሪያ ተከፍቶ የከረመ ፓኬት በፀሐይ ላይ በማስጣት አይመለስም፤ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ መድረቅ ይኖርበታል።

ማሽኑን ለበርና መስኮት፣ ለታንከር ማቆሚያና ለጣሪያ ብረት እመክረዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በ4 ሚሊ ሜትር ለሚሠራ ድርጅት ግን አይሆንም። ገዢው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ቁራጭ አንግል ብረት አቁሞ በ105 አምፔር ከታች ወደ ላይ እንዲበይድ ሻጩን ይጠይቅ፤ ስላጉን በመዶሻ አራግፎም ጠርዙ መበላቱንና አለመበላቱን ይመልከት።